ክሎዘቱ ውስጥ የተደረገ መፈንቅለ መንግሥት

ባለፈው ቅዳሜ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጋራዣቸው ደጃፍ ላይ አሮጌ ዕቃ ደርድረው ሲሸጡ አይቼ መኪናዬን አቆምኩና፣ ከመብራቱና ከወንበሩ መካከል የተቀመጠ አንድ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ እያሳየኋቸው «ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ሶኬቱን ሰክተው፣ እስኪግል ትንሽ ጠብቀው ቁልፉን ሲያዞሩት መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ አቧራና ላስቲክ አብሮ ሲግል የሚሸተው ያ ሽታ፤ ቀጥሎ ፉጨቱ መጣ። እኔም የስድሳ ምናምን ዓመት ሴትዮ፣ እዚያው የሰው ደጃፍ ላይ ቆሜ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የሰው አገር መንግሥት ገልብጬ አውቃለሁ፣ የገለበጥኩትም እንዲህ ባለ ሬዲዮ አጠገብ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ያን ጊዜ የምንኖረው ኦክላንድ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ባለ ሦስት ፎቅ ቢጫ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አባባ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት ተልኮ መጥቶ፣ እማዬና እኔ ሁለት ዓመት ዘግይተን ተከትለነው ነበር። እኛ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንኖር ከእኛ በላይ ደግሞ ሱዳናውያኑ ይኖሩ ነበር፤ ጋሽ ሐሰን፣ ባለቤታቸው እትዬ ነፊሳ፣ እና የእኔ እኩያ የሆነችው ልጃቸው ሰልማ። አባባ መተማ ላይ ከሱዳን ነጋዴዎች ልጆች ጋር ኳስ እየተራገጠ ስላደገ ዐረብኛው የአፍ መፍቻው ያህል ነበር። ጋሽ ሐሰን የገቡ ዕለት አንድ አረንጓዴ የብረት ሳንዱቅ ተሸክመው ደረጃው ላይ ሲያቃስቱ ሰምቶ ወጣና፣ በገዛ ቋንቋቸው «አይዞህ ወንድሜ!» ብሎ አንዱን ጫፍ ሊይዝላቸው ሲል፣ ሰውየው ከደስታ ብዛት ሳንዱቁን ለቀው አቀፉት። ሳንዱቁ እስከ ታች ድረስ እየተንኳኳ ወረደ። ጎኑ ላይ የጎደጎደው ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቤቶች አንድ ሆኑ። እማዬ ዐረብኛ አታውቅም፣ እትዬ ነፊሳ አማርኛ አያውቁም፣ እንግሊዝኛውን ሁለቱም ገና እየተለማመዱት ነበር፤ ግን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ ይውሉና ሲመለሱ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ይዘው ይመለሱ ነበር። እንዴት እንደሚግባቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰልማና እኔ በእንግሊዝኛ እንጫወታለን፣ ስንጣላ ግን እኔ በዐረብኛ እሰድባታለሁ፣ እሷ በአማርኛ ትመልስልኛለች፣ ምክንያቱም አንዳችን ከሌላችን ቤት ቀድመን የለቀምነው ቁጣውን ነበር። ፀጉራችንን በአንድ ሚዶ እንሠራ ነበር፣ አንዷ ጉንፋን ሲይዛት ሌላዋ በማግስቱ ታስል ነበር።

የዝናቡ ወራት ሲመጣ ሁላችንም የምንሰበሰበው እኛ ሳሎን፣ ሬዲዮው ዙሪያ ነበር። አባባ ያን ሬዲዮ ሪችመንድ ከሚኖር አንድ ጡረተኛ መርከበኛ ገዝቶት፣ ከጀርባው ረጅም ሽቦ አውጥቶ በመስኮት አሳልፎ እስከ ጣሪያው ዘርግቶት ነበር፤ የሕንፃው ጠባቂ በየወሩ ሽቦውን ያወርደዋል፣ አባባ በየወሩ ይመልሰዋል፣ ሁለቱም ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ሬዲዮው ዕድል ከቀናን አዲስ አበባን ወይም የሱዳንን ሬዲዮ ኦምዱርማንን ያመጣልን ነበር፣ እሱም ከፉጨትና ከጩኸት መካከል ቃል በቃል እየተለቀመ። ጋሽ ሐሰን ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ለጥፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ቁልፉን በሁለት ጣት ትንሽ ትንሽ እያዞሩ «እሽሽ!» ይሉናል። ማንም ሳይናገር «እሽሽ!» ይሉናል። እማዬ ሽንኩርት መክተፏን እንኳ ታቆም ነበር።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ እዚህ ሲመሽ እዚያ ይነጋልና፣ ጋሽ ሐሰን የጠዋቱን ዜና ፍለጋ ቁልፉን ሲያዞሩ ኦምዱርማን ጥርት ብሎ ገባ። ዜና ግን አልነበረም፣ የማርሽ ሙዚቃ ነው፤ መለከት፣ ከበሮ፣ እንደገና መለከት። እማዬ «ደስ ሲል!» አለች። ጋሽ ሐሰን ዐይናቸውን ገለጡ።

«ደስ አይልም» አሉ፣ አባባ እየተረጎመ፣ «እኛ አገር በጠዋት ማርሽ ከተሰማ መንግሥት ተገልብጧል ማለት ነው። በወጣትነቴም እንዲሁ ነበር የሰማሁት።»

እውነትም ብዙ ሳይቆይ አንድ መኮንን መግለጫ ያነብ ጀመር። ወጣት መኮንኖች ሥልጣን ይዘዋል፣ ፓርላማው ፈርሷል። ጋሽ ሐሰንን እንደ አባት ያሳደጓቸው ታላቅ ወንድማቸው የፓርላማ አባል ነበሩ፤ በሳምንቱ መታሰራቸው ተሰማ። ትልልቆቹ ለቀናት በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰነበቱ። ሰልማና እኔ ግን ከዚያ ምሽት የያዝነው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ማርሽ ከተሰማ መንግሥት ይወርዳል።

አሁን ስለ ሳንዱቁ ልንገራችሁ። ጋሽ ሐሰን የመስኖ ትምህርታቸውን ጨርሰው በዚያው ሰመር ወደ አገራቸው ሊመለሱ ቀን የቆረጡ ሰው ነበሩ። ታዲያ ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ልሂድ አልሂድ እያሉ ሲዋልሉ፣ ያ የጎደጎደ ሳንዱቅ ኮሪደሩ ላይ ተከፍቶ ይሞላና ይገለበጥ ጀመር። ጥሩ ወሬ ከተሰማ እትዬ ነፊሳ ልብሱን እያጠፉ ይከታሉ፤ መጥፎ ወሬ ከተሰማ እያራገፉ ይመልሱታል። እማዬ ደረጃው ላይ ስታገኛቸው ሰላምታዋ «ዛሬስ ገባ ወይስ ወጣ?» ነበር፣ በእጇ እያሳየች። እትዬ ነፊሳም በእጃቸው ይመልሱላታል፣ ሁለቱም ይሥቃሉ። ሰልማ ሰማያዊ ቀሚሴን አምጡልኝ ብላ ባለቀሰች ቁጥር ቀሚሱ ሳንዱቁ ሥር ይገኝ ነበር።

ሰመሩ ገፋ። አባባ ሳን ሊያንድሮ ቲማቲም ማሸጊያ ፋብሪካ የሰመር ሥራ ይዞ፣ ማታ ማታ እስከ ጆሮው ድረስ ቲማቲም ቲማቲም እየሸተተ ይገባ ነበር። በዚያው ሰሞን ደብዳቤ መጣ። የጋሽ ሐሰን ወንድም ተፈተዋል፣ ቤታቸው በሰላም ተቀምጠዋል፣ «ና፣ አገርህ ውሃ የሚመራ ሰው ትፈልጋለች» ብለው ጽፈዋል። እትዬ ነፊሳ ደረጃው መሐል ቆመው እልልታቸውን ሲያቀልጡት የሕንፃው ጠባቂ ቧንቧ ፈነዳ ብሎ መፍቻ ይዞ ሮጠ። እናታቸውን ካዩ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለእናታቸው የገዙትን ነጭ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚከናነቡትን፣ እንዳይጨማደድ ብለው ከሁሉ በላይ አደረጉት። ሳንዱቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። እኔና ሰልማ እላዩ ላይ ተቀምጠን ተላቀስን፣ ምክንያቱም መሄዳቸው የምር ሆነ።

ሐሳቡ የሰልማ ነበር እያልኩ ለብዙ ዓመት ተናግሬያለሁ። ዋሽቻለሁ፣ የእኔ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የስፖርት መምህራችን የተጫሩ አሮጌ ሸክላዎችን ለልጆች ስታድል ለእኔ የደረሰኝ ለትናንሽ ልጆች ሰውነት ማሠልጠኛ የተቀዳ የማርሽ ሸክላ ነበር። ሰልማ ደግሞ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ቀይ የሸክላ ማጫወቻ ነበራት። ሬዲዮው የቆመው ከክሎዘቱ በር ጎን ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ገባ ብሎ ኮት ከምንሰቅልበት ከዚያ ጠባብ ጨለማ ቦታ። «ቀላል ነው» አልኳት፣ «እኔ ክሎዘቱ ውስጥ እገባለሁ፣ አንቺ ፉጨቱ ሲመጣ ታስያለሽ፣ ማርሹን እለቀዋለሁ። መንግሥት ተገለበጠ ማለት ነው። አትሄዱም።» ሰልማ ትንሽ አሰበችና «ማን ገለበጠው ይባላል?» አለችኝ። «እሱን ትልልቆቹ ያውቁታል» አልኳት።

ወይ ጉድ፣ እንዴት እንዳወቁት! ቅዳሜ ምሽት ጋሽ ሐሰን ቁልፉን ሲያዞሩ፣ ፉጨቱ ከፍ ሲል፣ ሰልማ ሳለች፤ እኔም ኮቶቹ ሥር ተኮራምቼ መርፌውን አሳረፍኩት። መለከት፣ ከበሮ። ከማርሹ በኋላ አንዲት ሴትዮ መናገር እንደምትጀምር ስለማውቅ፣ ሴትዮዋ አፏን ሳትከፍት መርፌውን አነሣሁት።

«ማርሽ ነው» አሉ ጋሽ ሐሰን ቀስ ብለው። «እንደገና!»

አባባ «ኧረ ሌላ ጣቢያ ይሆናል» አለ።

«የለም፣ አውቀዋለሁ። በዚህ ሰዓት ማርሽ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።» ወዲያው ስልኩን አነሡና ሳን ሆዜና ፓሎ አልቶ ላሉት የአገራቸው ልጆች ደወሉ። እኔ ጨለማው ውስጥ አፌን በእጄ አፍኜ ልፈነዳ ደረስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት የተሳካልኝ ነገር አላስታውስም።

በማግስቱ እሑድ አመሻሽ ላይ በሁለት መኪና ዘጠኝ ሰው መጣ። እማዬ ያላትን ወንበር ሁሉ አወጣች፣ ያልበቃው መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ሊጡን ድብልብል እያደረጉ ጠብሰው ስኳር የሚነሰንሱበት ለጌማት በትሪ ቀረበ፣ ሻይ በወተት ተቀዳ። ሙግቱ ግን ከሁሉ ይጣፍጥ ነበር። ከሳን ሆዜ የመጣው ኦስማን የሚባል ቀጭን ተማሪ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «እኔም ትናንት በገዛ ሬዲዮዬ ማርሹን ሰምቼዋለሁ» ብሎ ማለ። ማለ ብቻ አይደለም፣ የገለበጠው ኮሎኔል የአጎቱ የክፍል ጓደኛ መሆኑን፣ ሰውየው ግራኝ እንደሆነና ቁጣ ቁጣ እንደሚለው ሳይቀር ተረከ። አንዱ «እኔ የሰማሁት ግን ጄኔራል ነው» አለው። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። እኔ የሚገለብጠውን ሰው ማዕረግ ሳልወስን እነሱ ሹመት ጀምረው ነበር!

ሁሉም ማርሹን ደግሞ ሊሰማ ስለ መጣ፣ ሳይቀመጡ በፊት ሹልክ ብዬ ክሎዘቱ ውስጥ ገባሁ። ያላሰብኩት ነገር እንግዶቹ ጃኬት ለብሰው መምጣታቸውን ነው። እማዬ በሩን በከፈተች ቁጥር ትንፋሼን ውጬ ረጅሙ የአባባ ካፖርት ጀርባ እለጠፋለሁ፤ አንድ ጃኬት፣ ሁለት ጃኬት፣ ሲጋራና ሽቶ የሚሸት የዘጠኝ ሰው ጃኬት እላዬ ላይ ተከመረ። ላብ በላብ ሆንኩ።

እዚያ ሆኜ ነው እትዬ ነፊሳን የሰማኋቸው። ከሳሎኑ ጫጫታ ሸሽተው ከክሎዘቱ ግድግዳ ማዶ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር፣ እማዬም ተከትላቸው መጥታ። እማዬ እንደ ልማዷ «ዛሬስ?» አለቻቸው። እትዬ ነፊሳ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው «ወጣ። ሁሉም ወጣ። ቶቡንም አወጣሁት» አሉና ድምፃቸው ተቋረጠ። ቀጥሎ የሰማሁት ለቅሶ ነበር፣ ሰው እንዳይሰማው በእጅጌ የታፈነ ለቅሶ፣ እማዬም «አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ» እያለች በማያውቁት ቋንቋ ስታባብላቸው። ጓደኛዬ እንዳትሄድብኝ ብዬ እትዬ ነፊሳን ከእናታቸው እየለየኋቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ፣ ከጃኬቶቹ ሥር ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ፉጨቱ መጣ። ሰልማ ሳለች። መርፌውን አልነካሁትም። ደግማ ሳለች፣ እስክትታነቅ ድረስ ሳለች፣ አንዱ እንግዳ ውሃ ስጧት ሲል ሰማሁት። መርፌውን አሳረፍኩት። መለከቱ ሲጀምር ኦስማን «ይኸው! ይኸው አላልኳችሁም?» አለ። ማርሹ አለቀ። እዚህ ላይ መርፌውን ማንሣት ነበረብኝ፤ አላነሣሁትም። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። ሴትዮዋም በዚያ በፈነደቀ ድምፅዋ በእንግሊዝኛ ቀጠለች፤ «ጎበዝ ልጆች! አሁን ደግሞ እንደ ጥንቸል እየዘለልን! አንድ፣ ሁለት! ጆሯችን የታለ?»

ሴትዮዋ ስለ ጥንቸል ጆሮ ማስረዳቷን ቀጠለች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ ጋሽ ሐሰን።

አባባ የክሎዘቱን በር አይቶ፣ ከበሩ ሥር የወጣችውን ገመድ አይቶ፣ እንደገና በሩን አይቶ፣ ረጋ ብሎ «አዲሷ የማስታወቂያ ሚኒስትር ትሆናለች» አለ።

በሩ ሲከፈት ጃኬቶቹን ተከናንቤ፣ ላብና እንባዬ ተደባልቆ ወጣሁ። መጀመሪያ የሣቁት ጋሽ ሐሰን ናቸው፤ ሣቁ፣ ሣቁ፣ ወንበር ይዘው ሣቁ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተሏቸው፤ ኦስማን ብቻ ጫማውን ማሰር ጀመረ። አንዱ «ኦስማን፣ ያ ግራኙ ኮሎኔል ጥንቸል ነበር እንዴ?» ሲለው ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። እትዬ ነፊሳ ከኮሪደሩ መጥተው ነገሩ እስኪገባቸው ቆሙ፤ ሲገባቸው ዐይናቸውን ጠርገው ያለ ምንም ቃል እየሮጡ ደረጃውን ወጡ። ከላይ የሳንዱቁ ክዳን ሲከፈት ሁላችንም ሰማን።

ሣቁ ሲበርድ ጋሽ ሐሰን ሰልማን ጠርተው ለምን እንዳደረገችው ጠየቋት። ሰልማ በእንግሊዝኛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ሰኒን ትቼ አልሄድም» አለች። ሰኒ እኔ ነኝ፣ ሰናይት ለሁለታችንም ይረዝም ነበር። ጋሽ ሐሰንም መሬት ላይ እኛ ፊት ቁጭ ብለው፣ እጃችንን በእጃቸው ይዘው፣ «እናትሽ ደግሞ ለእናቷ ሰልማ ናት፣ ታውቂያለሽ?» አሏት። ምንም አልጨመሩም። እማዬ ግን ጨመረች፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ጆሮዬን ይዛ እስኪበቃኝ ጨመረችልኝ። በማግስቱ እኔና ሰልማ ሳንዱቁን ራሳችን እንድንከት ተፈረደብን፤ ነጩን ቶብ እኔ ነኝ አጥፌ ከላይ ያስቀመጥኩት።

መስከረም ሳይጠባ ሄዱ። ሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ ልንሸኛቸው ስንሄድ ሰልማና እኔ መላቀስ አፍረን ማን ብዙ ማስቲካ እንደሚያኝክ ተወዳደርን። ጋሽ ሐሰን ጎንበስ ብለው ግንባሬን ስመው፣ «ሰኒ፣ ሌላ ጊዜ መንግሥት ስትገለብጪ መጀመሪያ ሴትዮዋን ዝም አሰኚ» አሉኝ። አባባ እየተረጎመ ሣቀ፣ ድምፁ ግን ተሰበረ። ወደ ቤት ስንመለስ ሬዲዮው አጠገብ ማንም «እሽሽ» የሚል አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከሰልማ ደብዳቤ መጣ። እነሱ አገር እንደገና ማርሽ ተሰምቶ ነበር፣ ይኼኛው የምር፣ ግን ሦስት ቀን ብቻ ቆይቶ ከሸፈ። «አባቴ ማርሹን እንደሰማ ተነሥቶ ክሎዘቱን ከፍቶ አየ» ብላ ጻፈች። ደብዳቤውን ለአባባ ሳነብለት እየሣቀ እንባው ወረደ።

እኛም ሳን ሆዜ ተዛውረን፣ አባባ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ወደ አገራችን ልንመለስ የራሳችንን ሳንዱቅ ገዝተን፣ እማዬ ለዘመድ የሚሆነውን እያጠፈች መክተት ጀምራ ነበር። ያ ንጉሡ ወረዱ የተባለበት መስከረም መጣ። አባባ ሬዲዮውን አጎንብሶ ሲያዞር፣ ከፉጨቱ መካከል ማርሽ ሰማን። የእኛ ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ፊት ለፊቱ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነበር፣ አባባም አይቶኛል። ቢሆንም ተነሣ፣ ሄዶ የኮቱን ክሎዘት ከፈተ። ኮቶቹን አንድ በአንድ እየገፋ እስከ ግድግዳው ድረስ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዘጋው። ማናችንም አልሣቅንም፣ እማዬም የያዘችውን ልብስ ሳትከተው ቁጭ አለች። ያን ማታ እኔ ብሆን ኖሮ እያልኩ፣ መርፌውን ባነሣው ኖሮ እያልኩ ተኛሁ። ያ ሳንዱቅ ለብዙ ዓመት የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆነ።

ሰልማ አሁን እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ናት፣ ፀጉሯ እንደ እኔው ሸብቷል፣ የልጅ ልጆቿ በእንግሊዝኛ ብቻ ይመልሱላታል። ጋሽ ሐሰንም አባባም አልፈዋል። ሬዲዮውን ገዝቼው መጣሁ፣ ሳሎኔ ውስጥ ክሎዘቱ አጠገብ አቆምኩት፤ ከጌጥ በቀር ጥቅም የለውም። ያን ጊዜ ዜና ፍለጋ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፣ አሁን ሁሉም ነገር ኪስ ውስጥ በየደቂቃው ይንጫረራል፣ «እሽሽ» የሚልም የለም። የካርቱም ነገር የተበላሸ ዕለት፣ ወታደሮቹ እርስ በርሳቸው ሲታኮሱ የሚያሳየውን ቪዲዮ ስልኬ ላይ እያየሁ ሳለሁ ሰልማ ደወለች።

«ሰኒ» አለችኝ፣ «እስቲ ክሎዘቱን እይልኝ።»

ሣቅሁ፣ ግን ተነሣሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ከፍቼ፣ ኮቶቹን ገፋ አድርጌ እስከ ግድግዳው ድረስ አየሁ።

«ማንም የለም» አልኳት።

«እንግዲያው የምር ነው» አለች። «መጣሁ፣ ሻይ ጣጂ።»